በሳንቲም ላይ የሚታይ ጉድለት ከማተሚያ ቤት ነው ወይስ ከአፈር?



በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ በአያት፥ የከተማው ባቡር መሥመር ከሚያበቃበት ስፍራ አጠገብ፥ አንድ ባለ ሱቅ ሦስት አሮጌ ሳንቲሞች በሚዛናቸው አጠገብ ደርድረው አሳዩን። ሳንቲሞቹን ያመጣላቸው ሰው፥ ለቤት መሠረት ሲቈፈር ከመሬት እንደ ወጡ ገልጾ፥ «እነዚህ የማተሚያ ቤት ስሕተት ያለባቸው ስለ ሆኑ በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋቸው እጅግ ውድ ነው» በማለት 6,000 ብር ጠይቋቸው ኖሯል። ባለ ሱቁም 1,000 ብር ቀብድ ሰጥተው፥ የቀረውን ለመክፈል የሁለት ቀን ቀጠሮ ይዘው ነበር።

ከሦስቱ አንዱ ጠርዙ በሻካራ ሁኔታ ተከርክሞ ጥርስ ያወጣ የ25 ሳንቲም ቀይ ገንዘብ ነው። ሁለተኛው በአንበሳው ፊት ላይ እንደ ብጉር ያበጡ ነጥቦች የታዩበት የ50 ሳንቲም ነጭ ገንዘብ ነው። ሦስተኛው ደግሞ እንደ ተነከሰ ዳቦ ከጠርዙ ቍራጭ የጐደለው የ10 ሳንቲም ቀይ ገንዘብ ነው።

ባለ ሱቁ ያቀረቡልን ጥያቄ አጭር ነው፤ «ገንዘቤን በደኅና ነገር ላይ አውያለሁን?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ የብዙ ነጋዴ ጥያቄ መሆኑን ስለምናውቅ፥ መልሱን አንባብያን ሁሉ እንዲጠቀሙበት አድርገን ከዚህ ቀጥሎ እናቀርባለን።

አስቀድሞ የሚጠየቅ ጥያቄ

ያልተለመደ ምልክት ያለበት ሳንቲም በእጃችን ሲገባ አብዛኛዎቻችን በቅድሚያ «ስንት ያወጣል?» ብለን እንጠይቃለን። ነገር ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ እርሱም «ይህ ምልክት መቼ መጣ?» የሚለው ነው። ምልክቱ ሳንቲሙ ከመታተሙ በፊት ወይም በሚታተምበት ቅጽበት የመጣ እንደ ሆነ የማተሚያ ቤት ስሕተት ይባላል። ሳንቲሙ ከማተሚያው ከወጣ በኋላ የመጣ እንደ ሆነ ግን፥ አፈር ያድርሰው፥ እሳት ያድርሰው፥ መዶሻ ያድርሰው፥ ጉዳት ነው። ሰብሳቢዎች ለመጀመሪያው ዋጋ ይጨምራሉ፤ ለሁለተኛው ይቀንሳሉ። የዋጋው ልዩነት ይህን ያህል ሲሆን፥ ሁለቱ በዓይን ሲታዩ ብዙ ጊዜ ይመሳሰላሉ። ኪሳራውም የሚመጣው ከዚህ መመሳሰል ነው።

ሳንቲም እንዴት ይታተማል?

ምልክቱ መቼ እንደ መጣ ለመፍረድ የሥራውን ተራ ማወቅ ያስፈልጋል። በመጀመሪያ ማዕድኑ ቀልጦ ይዳመጥና እንደ ቀበቶ ረጅም ዝርግ ይሆናል። ከዚያም ሊጥ በብርጭቆ አፍ እንደሚቈረጥ፥ በመቍረጫ መኪና ክብ ክብ ሆኖ ይቈረጣል። ገና ምስል ያልታተመበትን ይህን ክብ «ጥፍጥፍ» እንበለው። ጥፍጥፉ ዙሪያው ተገፍቶ ከፍ ያለ ከንፈር ካበጀ በኋላ በሁለት ማኅተሞች መካከል ይገባል። ማኅተም የምንለው የሳንቲሙ ምስል በተገላቢጦሽ የተቀረጸበት ጠንካራ ብረት ነው፤ አንዱ ለፊቱ፥ አንዱ ለጀርባው ነው። በዙሪያውም ማዕድኑ ወደ ውጭ እንዳይፈስ የሚይዝ የብረት ቀለበት አለ። መኪናው በታላቅ ኃይል ሲጫን ማዕድኑ እንደ ሊጥ ፈስሶ የማኅተሙን ጕድጓድ ሁሉ ይሞላል።

እንግዲህ ስሕተት የሚገባባቸው በሮች ሦስት ናቸው፤ እነርሱም ጥፍጥፉ፥ ማኅተሙና አመታቱ ናቸው። ከእነዚህ በአንዱ በኩል ሊገባ ያልቻለ ምልክት ሁሉ በኋላ የመጣ ነው።

በሦስቱ በሮች የሚገቡ ስሕተቶች

1ኛ፤ ስለ ጥፍጥፍ። መቍረጫው ቀድሞ በተቈረጠው ቀዳዳ ላይ ተደርቦ የወረደ እንደ ሆነ፥ ጥፍጥፉ ከጠርዙ የተነከሰ ይመስላል። እንዲህ ያለው ጥፍጥፍ ከንፈር በሚበጅለት ጊዜ በጐደለው በኩል የሚገፋው ነገር ስለማያገኝ፥ ከጐደለው ስፍራ ትክክል ፊት ለፊት ያለው ከንፈር ደካማ ወይም የደበዘዘ ሆኖ ይቀራል። ደግሞም በጐደለው ስፍራ አጠገብ ያሉት ፊደላት ወደ ጠርዙ ሲደርሱ እየሳሱና እየተሳቡ ይጠፋሉ። ሰው በመቀስ ወይም በሞረድ ያጐደለው ሳንቲም ግን ፊደሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ በድንገት ይቈረጣል፤ ፊት ለፊቱ ያለው ከንፈርም ጤነኛ ነው።

2ኛ፤ ስለ ማኅተም። ማኅተሙ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ማዕድኑ በስንጥቁ ውስጥ ይገባና በሳንቲሙ ላይ ከፍ ያለ ቀጭን መሥመር ሆኖ ይወጣል። የማኅተሙ ጠርዝ የተሸረፈ እንደ ሆነ ደግሞ በሳንቲሙ ዳር ቅርጽ የሌለው እብጠት ይታያል። ስለዚህ ይህን ደንብ በቃል መያዝ ይጠቅማል፤ በማኅተሙ ላይ የጐደለ በሳንቲሙ ላይ ይነሣል፤ በራሱ በሳንቲሙ ላይ የተቧጨረ ግን ይጐደጕዳል። በጥፍር ሲዳሰስ ወደ ውስጥ የሚገባ መሥመር አብዛኛውን ጊዜ ጭረት ነው።

ፊደላቱ ተደርበው የሚታዩበትም ሳንቲም አለ። ማኅተሙ ራሱ ሲሠራ ምስሉ ሁለት ጊዜ ያለ ልክ ያረፈበት እንደ ሆነ፥ ሁለቱም ፊደላት ሙሉ ክብነታቸውን ይዘው ይታያሉ፤ ይህ ተፈላጊ ስሕተት ነው። ማኅተሙ በመምታት ላይ ሳለ ጥቂት የተንቀሳቀሰ እንደ ሆነ ግን፥ በፊደሉ ጐን እንደ ደረጃ ያለ ዝርግና የሚያብለጨልጭ ጥላ ይተዋል። ይህኛው እጅግ የተለመደ ስለ ሆነ ዋጋ አይጨምርም።

3ኛ፤ ስለ አመታት። ጥፍጥፉ በቀለበቱ ውስጥ በትክክል ሳይቀመጥ የተመታ እንደ ሆነ፥ ምስሉ ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፤ በሌላው ወገን ለስላሳ ባዶ ስፍራ ይቀራል። የታተመ ሳንቲም ከማኅተሙ ጋር ተጣብቆ ቀርቶ ሌላ ጥፍጥፍ የመጣ እንደ ሆነም፥ በአዲሱ ላይ ያው ምስል ተገልብጦና ጐድጕዶ ይታተማል። ይህን የመጨረሻውን አታላዮች ሁለት ሳንቲሞችን በሞርሳ እየጨመቁ ሊያስመስሉት ይሞክራሉ። ይሁን እንጂ በሞርሳ የተጨመቀው ሳንቲም ቀድሞ የነበረው ምስል ከሥሩ ተጨፍልቆ ስለሚታይ፥ በአጉሊ መነጽር ለሚመለከት ሰው አይሰወርም።

2002 ዓ.ም. የተጻፈበት የ1 ብር ሳንቲም ከሁለት ማዕድን፥ ይኸውም ከመካከለኛው ክብና ከውጭው ክብ የተሠራ ነው። መካከሉ የወጣለት ብር ሲገኝ «ሳይገጣጠም የታተመ ነው» ብሎ ለመሸጥ የሚሞክር ሰው አይጠፋም። ሁለቱ ክፍሎች አጥብቀው የሚያያዙት በሚመቱበት ጊዜ ነው። መካከሉ ሳይኖር የተመታ ክብ፥ ማዕድኑ ወደ ቀዳዳው ስለሚፈስ የቀዳዳው አፋፍ የተዛባ ይሆናል። በመዶሻ የተገፋ ግን አፋፉ ቀጥ ያለ ሆኖ በግድግዳው ላይ ጭረት ይታይበታል።

አፈርና እርጥበት የሚያደርሱት ጉዳት

የአያት አካባቢ መሬት ጥቁር መረሬ የበዛበት ነው። መረሬ በበጋ ሰፊ ስንጥቅ ይከፍታል፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ይዘጋል። በበጋ ስንጥቅ ውስጥ የወደቀ ሳንቲም በክረምት ጭቃ ይዋጣል፤ ውኃውም ቶሎ ስለማይሰርግ ለወራት በእርጥበት ውስጥ ይቀመጣል። ዛሬ በየስፍራው መሠረት ሲቈፈር ከመረሬ ውስጥ የሚወጣ ገንዘብ እንዲህ ያለውን ኑሮ የኖረ ነው። ይሁንና ጉዳቱ እንደ ማዕድኑ ዓይነት ይለያያል።

ቀይ ገንዘብ። የንጉሠ ነገሥቱ ምስል ያለባቸውና ፲፱፻፴፮ የሚል ዓመት የተጻፈባቸው የ1፥ የ5፥ የ10ና የ25 ሳንቲም ገንዘቦች በእርጥበት በመጀመሪያ ቡናማ፥ ቀጥሎም አረንጓዴ ይሆናሉ። ጠንካራና ለስላሳ የሆነው አረንጓዴ ሽፋን ሳንቲሙን አይበላውም፤ እንዲያውም ይጠብቀዋል። ነገር ግን እንደ ዱቄት የሚረግፍ፥ ቢጠረግም ተመልሶ የሚወጣ ፈዛዛ አረንጓዴ ነጥብ፥ ጨው ወደ ማዕድኑ መግባቱን ያመለክታል፤ ሳንቲሙንም ቀስ በቀስ ይቦረቡረዋል። እንዲህ ያለውን ከሌሎች ለይቶ በደረቅ ስፍራ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ብር። የማርያ ቴሬዛ ጠገራና የዳግማዊ ምኒልክ ብር በአየርና በአፈር ውስጥ ካለው ድኝ የተነሣ ይጠቍራሉ። ይህ ጥቁረት የስሕተትም የሐሰትም ምልክት አይደለም።

አሉሚኒየም። ፲፱፻፷፱ የተጻፈበት፥ ገበሬ በሁለት በሬ ሲያርስ የሚታይበት የ1 ሳንቲም ገንዘብ በእርጥብ አፈር ውስጥ ነጭ ዱቄት ያወጣና ወለሉ እንደ ፈንጣጣ ፊት ይቦረቦራል። ጕድጓዶቹ ወደ ውስጥ የገቡ ስለ ሆኑ ከማኅተም አለመምጣታቸው ወዲያው ይታወቃል።

መዳብና ኒኬል። በዚያው ዓመት የተጻፈባቸው የ25ና የ50 ሳንቲም ነጭ ገንዘቦች ለረጅም ጊዜ በእርጥበት ሲቀመጡ ላያቸው ወደ ቀይ ሊያደላ ይችላል። ይህን አይቶ «በመዳብ ጥፍጥፍ ላይ የታተመ ነው» የሚል ሻጭ አለ። ቅላቱ ግን ላይ ላዩን የሆነና ያልተስተካከለ ነው፤ ወለሉም ሻካራ ነው። በእውነተኛ የመዳብ ጥፍጥፍ ላይ የታተመ ሳንቲም ቀለሙ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አንድ ነው።

የተለበጠ ብረት። ከዚያ በኋላ፥ በ1996ና በ2000 ዓ.ም. ዓመት፥ የታተሙት የ25ና የ50 ሳንቲም ገንዘቦች ውስጣቸው ብረት ሆኖ በላያቸው ነጭ ማዕድን የተለበጠባቸው ናቸው። ልባጡ በአንድ ነጥብ የተበሳ እንደ ሆነ ብረቱ ይዝጋል፤ ዝገትም ከብረቱ ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ ልባጡን ከሥር ገፍቶ ያሳብጠዋል። ከላይ የሰጠነው የማኅተም ደንብ በዚህ ስፍራ ሰውን ሊያሳስት ይችላል፤ እብጠቱ ከፍ ያለ ቢሆንም ከማኅተም የመጣ አይደለምና። መለያው ግን ቀላል ነው፤ የዝገት እብጠት ክብና ስስ ነው፥ በአናቱ ወይም በዙሪያው ቡናማ ነጥብ ይታይበታል፥ በመርፌ ጫፍ ሲነካም ይሰበራል። በመለበጥ ጊዜ አየር ገብቶ የሚያብጥም ልባጥ አለ፤ እርሱ ከማተሚያ ቤት የመጣ ቢሆንም የተለመደ ስለ ሆነ እምብዛም አይፈለግም።

ስሕተትም ጉዳትም ያልሆኑ ልዩነቶች

ነጋዴ ከሁሉ ይልቅ የሚሳሳተው በዚህ ክፍል ነው። ሁለት ሳንቲሞች ስለ ተለያዩ ብቻ አንደኛው ስሕተት አይሆንም።

በማርያ ቴሬዛ ጠገራ ላይ የተጻፈው ዓመት ሁልጊዜ 1780 ነው። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት ካረፈች በኋላ ይኸው ብር ያው ዓመት እንደ ተጻፈበት በቪየና፥ በሮም፥ በለንደን፥ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች ታትሟል። አባቶቻችን ነጋድያን በትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቍ እየቈጠሩ ብሩን ይመርምሩ የነበረው ስለዚህ ነው። እንግዲህ በጠገራ ላይ የሚታይ ትንሽ ልዩነት ብዙ ጊዜ የማተሚያ ቤቱን ማንነት ያመለክታል እንጂ ስሕተትን አያመለክትም። በፓሪስ የታተመው የምኒልክ ብርም እንዲሁ ነው፤ በ1887 ዓ.ም. ብር ላይ አንበሳው ያነሣው ግራ እግሩን ሲሆን፥ በ1889 ዓ.ም. ብር ላይ ቀኝ እግሩን ነው። በ1969 ዓ.ም. የ10 ሳንቲም ገንዘብም የአንበሳው ራስ በአንዳንዱ ትንሽ፥ በአንዳንዱ ትልቅ ነው።

ወደ ጥንቱ ስንመለስ፥ አንዳንድ የአክሱም ነገሥታት የብርና የነሐስ ገንዘቦች በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወርቅ ተለብጦባቸዋል። ይህን ሳያውቅ «ቢጫ እድፍ ነው» ብሎ የፈተገ ሰው ከሁሉ የከበረውን ክፍል ያጠፋል።

ከሁሉ ይልቅ ግን የ25 ሳንቲም ገንዘብ ታሪክ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ፲፱፻፴፮ የተጻፈበት የ25 ሳንቲም ገንዘብ በመጀመሪያ ሙሉ ክብ ነበር። በመጠኑም በሥዕሉም የብሩን 50 ሳንቲም በጣም ይመስል ስለ ነበረ፥ በ1940ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ጠርዙም እንደ አበባ ዙሪያ ጥርስ እንዲያወጣ ተወሰነ። ከእነዚህ መካከል ጠርዛቸው በአዲስ አበባ የተቈረጠው ሻካራ ሆነው ሲቀሩ፥ በማተሚያ ቤት የተሠሩት የተስተካከለ ጠርዝ አላቸው። ስለዚህ ሻካራው ጠርዝ የባለጌ እጅ ሥራ አይደለም፤ የመሥሪያ ቤትም ስሕተት አይደለም፤ በትእዛዝ የተፈጸመ ሥራ ነው።

በሱቅ ውስጥ የሚደረግ ምርመራ

ይህን ሁሉ ለመለየት ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አጉሊ መነጽር፥ የወርቅ ሠሪ ሚዛንና ትንሽ ማግኔት ይበቃሉ።

1ኛ፤ አጠራጣሪውን ሳንቲም ዓይነቱና ዓመቱ አንድ ከሆነ ጤነኛ ሳንቲም ጋር ጐን ለጐን አድርጎ መመልከት፤ ወንድሙ ያላሳየው ምልክት የቱ እንደ ሆነ መለየት።

2ኛ፤ ብርሃኑ ከላይ ሳይሆን ከጐን እንዲመጣ አድርጎ፥ ምልክቱ ከፍ ያለ ወይም የጐደጐደ መሆኑን ማረጋገጥ።

3ኛ፤ ሁለቱንም መመዘን። ጤነኛው የማርያ ቴሬዛ ጠገራ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ የምኒልክ ብርም እንዲሁ ነው። በእጅ ብዛት የተፋቀ ብር ጥቂት ይቀላል፤ ልዩነቱ የበዛ እንደ ሆነ ግን ወይ ጥፍጥፉ ሌላ ነው፥ ወይ ገንዘቡ ሐሰተኛ ነው።

4ኛ፤ ማግኔት ማስጠጋት። በ1969 ዓ.ም. የመዳብና ኒኬል ገንዘብ ማግኔት አይዘውም፤ የተለበጠውን ብረት ግን ይስበዋል። በ1923 ዓ.ም. የታተሙት የ10፥ የ25ና የ50 ማቶና ገንዘቦች ኒኬል ስለ ሆኑ እነርሱንም ይስባቸዋል፤ ይህ ሲታይ ሐሰተኛ ናቸው ብሎ መጣል አይገባም።

5ኛ፤ ጠርዙን ዙሪያውን አዙሮ ማየት። አታላይ ፊቱንና ጀርባውን ይጠነቀቃል፤ ጠርዙን ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። የሞረድ ጭረት፥ የቀለበት ማንጠልጠያ የተበየደበት ምልክት፥ ለአንገት ጌጥ የተበሳ ቀዳዳ የሚገኙት በዚያ ነው።

ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አደራ እንላለን፤ ሳንቲሙ ሳይመረመር እንዳይታጠብ። የመዳብ ዕቃ በሎሚና በአመድ ሲፈተግ እንደሚያበራ ሁሉም ያውቃል። ሳንቲም ግን የወጥ ቤት ዕቃ አይደለም። ሎሚው የማዕድኑን ላይ ይበላል፥ አመዱም ይፍቀዋል፤ ምልክቱ መቼ እንደ መጣ የሚመሰክረው አሮጌ ቀለም አብሮ ይሄዳል። ጭቃ ያለበት እንደ ሆነ በንጹሕ ውኃ ዘፍዝፎ በለስላሳ ጨርቅ ሳይፈትጉ ማድረቅ ይበቃል።

ወደ ውጭ ለሚልኩ ነጋድያን

በ1992 ዓ.ም. ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 የወርቅ፥ የብር፥ የነሐስና የመዳብ ገንዘቦችን ከተንቀሳቃሽ ቅርሶች መካከል ቈጥሯል፤ ለሕንፃ ወይም ለመንገድ ሥራ ሲቈፈር ቅርስ ያገኘ ሰውም ሳይዘገይ ለባለ ሥልጣኑ እንዲያስታውቅ አዟል። ስለዚህ አሮጌ ገንዘብ በደብዳቤ ወይም በሻንጣ ወደ ውጭ አገር ከመላኩ በፊት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አሳይቶ ፈቃድ መጠየቅ፥ ገንዘብንም ክብርንም ከመጣል ያድናል። ዓይኑን በትክክለኛ ሳንቲሞች ማለማመድ የሚወድ ሰው፥ በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚታዩትን ገንዘቦች ቢመለከት ይጠቀማል።

የሦስቱ ሳንቲሞች ፍጻሜ

አሁን ወደ አያቱ ሱቅ እንመለስ። ጥርስ ያወጣው 25 ሳንቲም በአዲስ አበባ ከተቈረጡት አንዱ ሆኖ ተገኘ፤ የሚወደድ ታሪክ አለው፥ ስሕተት ግን አይደለም። ብጉር የወጣበት 50 ሳንቲም ማግኔት ሳበው፤ አንዱ እብጠት በመርፌ ሲነካ ተሰብሮ ዝገት ታየበት። እርሱ ከ50 ሳንቲም በላይ ዋጋ የለውም።

ሦስተኛውን፥ የተነከሰውን 10 ሳንቲም፥ ስንመለከት ግን ከጐደለው ስፍራ ፊት ለፊት ያለው ከንፈር ደብዝዟል፤ በጐደለውም አጠገብ ፊደላቱ እየሳሱ ጠፍተዋል። ይህ እውነተኛ የማተሚያ ቤት ስሕተት ነው። የሚያሳዝነው ግን ባለ ሱቁ ሳንቲሙን ለገዢ ያማረ አድርገው ለማሳየት ሲሉ ትናንት ማታ አንዱን ወገን በሎሚና በአመድ ፈትገውት ኖሯል። በዚያ ወገን አሮጌው ቀለም ጠፍቶ ጥሬ መዳብ መስሏል፤ ሰብሳቢ ይከፍልለት ከነበረው ዋጋ አብዛኛው በዚያች ሌሊት ሄደ።

ባለ ሱቁ በቀጠሮው ቀን የቀረውን ገንዘብ አልከፈሉም፤ ስለ ቀብዱም ከሻጩ ጋር በሽማግሌ ተነጋገሩ። ለእኛ ያሉን ቃል ይህ ነበር፤ «የማይረባውን በውድ ልገዛ፥ የሚረባውን በገዛ እጄ አበላሸሁ።»

እንግዲህ ክቡራን ነጋድያን፥ እንግዳ ሳንቲም በመሳቢያችሁ ውስጥ በተገኘ ጊዜ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት ምልክቱ መቼ እንደ መጣ ጠይቁ፤ መልሱ እስኪገኝ ድረስም ቀብድ አትስጡ፥ ሎሚም አታስነኩት።